ስለ ብሪታኒያ ፖለቲካና ስለ ፓርቲዎቹ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የብሪታኒያ ፖለቲካ በአማርኛ ዜና የሚነሳው ብዙውን ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትር ሲወርድ ወይም በስደተኞች ላይ አዲስ ሕግ ወጣ ሲባል ነው። ማን ከማን ጋር እንደሚፎካከር፣ ወንበሩ በምን ስሌት እንደሚከፋፈል ግን ሳይብራራ ይታለፋል። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች ሎንዶንና ሊድስ የሚኖሩ ወገኖችም፣ አዲስ አበባ ሆነው ዜናውን የሚከታተሉም ደጋግመው የሚያነሷቸው ናቸው። ቀናቱና ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጠቅላይ ሚኒስትሩን የሚመርጠው ሕዝቡ ነው?

በቀጥታ አይደለም። አገሪቱ በ650 የምርጫ ክልሎች ተከፋፍላለች፤ 543ቱ በእንግሊዝ፣ 57ቱ በስኮትላንድ፣ 32ቱ በዌልስ፣ 18ቱ በሰሜን አየርላንድ ናቸው። እያንዳንዱ ክልል አንድ ሰው መርጦ ወደ ታችኛው ምክር ቤት ይልካል። ከተመራጮቹ አብዛኞቹን ከኋላው ማሰለፍ የቻለ የፓርቲ መሪ ቤተ መንግሥት ተጠርቶ መንግሥት እንዲመሠርት በንጉሥ ቻርልስ ይጠየቃል። የሌበር ፓርቲው ኪር ስታርመር ጁላይ 5 ቀን 2024 ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆኑ፣ ስማቸው በድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ የነበረው ሆልቦርንና ሴንት ፓንክራስ በሚባለው የሎንዶን ክልል ብቻ ነበር።

በዚህ የተነሳ አገራዊ ምርጫ ሳይደረግ ጠቅላይ ሚኒስትር ሊቀየር ይችላል። ቴሬዛ ሜይ፣ ቦሪስ ጆንሰን፣ ሊዝ ትረስና ሪሺ ሱናክ አራቱም መጀመሪያ ወንበሩ ላይ የተቀመጡት ፓርቲያቸው በሆነው በኮንሰርቫቲቭ ውስጥ በተደረገ ውድድር ነው። ሊዝ ትረስን የመረጧቸው 81,326 የፓርቲ አባላት ናቸው። አንድ መካከለኛ ከተማ የማይሞላ ሕዝብ ማለት ነው። ሱናክ ደግሞ ሌላ ተፎካካሪ የሚያስፈልገውን ድጋፍ አሟልቶ ስላልቀረበ የአባላቱ ድምፅ እንኳ አላስፈለጋቸውም። ብዙ ብሪታኒያዊ ይህን ሲሰማ ይበሳጫል፤ ሕጉ ግን ይፈቅዳል።

በ2024 ምርጫ ሌበር የሕዝቡን ሲሶ ድምፅ አግኝቶ ወደ ሁለት ሦስተኛ የሚጠጋ ወንበር የያዘው እንዴት ነው?

የብሪታኒያን ፖለቲካ ለመረዳት አንድ ጥያቄ ብቻ መርጬ እንድመልስ ብባል የምመርጠው ይህን ነው። ሌሎቹ መልሶች አብዛኞቹ ከዚህ ይነሳሉ።

በየምርጫ ክልሉ ብዙ ድምፅ ያገኘው ሰው ያልፋል፤ ከግማሽ በላይ እንዲያገኝ አይጠበቅበትም። የተሸነፉት ድምፅ የትም አይደመርም፣ ለሌላም አይተላለፍም። የኢትዮጵያ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ምርጫም የሚካሄደው በዚሁ ስልት ስለሆነ ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም።

አንድ ቦታ ቀረብ ብለን እንየው። ሳውዝ ዌስት ኖርፎክ ለረጅም ጊዜ የኮንሰርቫቲቮች መሬት ነበር፤ የክልሉ ተወካይም ሊዝ ትረስ ነበሩ። በ2024 ግን የቀኙ ድምፅ ለሦስት ተሰነጠቀ፤ ከፊሉ ለትረስ፣ ከፊሉ ናይጄል ፋራጅ ለሚመሩት አዲስ ፓርቲ ለሪፎርም ዩኬ፣ ከፊሉ ደግሞ በትረስ የተማረሩ የአካባቢው ሰዎች ለደገፉት አንድ የግል ተወዳዳሪ ሄደ። የሌበሩ እጩ ከመቶ 27 ያልሞላ ድምፅ ይዞ በ630 ድምፅ ብልጫ አሸነፈ። ከአራት መራጭ ሦስቱ አልመረጠውም፣ ወንበሩ ግን የእሱ ሆነ። ሰሜን ለንደን ያለው ሄንደን ደግሞ ሌበር ያሸነፈው በ15 ድምፅ ብልጫ ነው።

ይህንን በመላው አገር ስናባዛው፣ ሌበር በ33.7 በመቶ ድምፅ 411 ወንበር አገኘ። ኮንሰርቫቲቭ በ23.7 በመቶ 121 ወንበር ያዘ። ሊበራል ዴሞክራቶች 12.2 በመቶ አግኝተው 72 ወንበር ሲወስዱ፣ ከእነሱ የበለጠ 14.3 በመቶ ያገኘው ሪፎርም ዩኬ አምስት ወንበር ብቻ ደረሰው። ምክንያቱ የድምፁ አቀማመጥ ነው። ሊበራል ዴሞክራቶች ማሸነፍ በሚችሉባቸው ክልሎች ላይ ተረባረቡ፤ የሪፎርም ድምፅ ግን በየቦታው ተበትኖ ብዙ ሁለተኛና ሦስተኛ ደረጃ ወለደ።

ሌላም የሚያስገርም ቁጥር አለ። ጄረሚ ኮርቢን በ2019 ሌበርን እየመሩ ክፉኛ ሲሸነፉ ያገኙት 10.3 ሚሊዮን ድምፅ ነበር። ስታርመር በ2024 በሰፊ ልዩነት ሲያሸንፉ ያገኙት ደግሞ 9.7 ሚሊዮን ነው። ስለዚህ የስታርመር ድል ስፋት እንጂ ውፍረት አልነበረውም። ፓርላማ ውስጥ ግዙፍ፣ አገር ውስጥ ግን ስስ ነበር። መንግሥታቸው በወራት ውስጥ በሕዝብ አስተያየት መለኪያዎች ማሽቆልቆሉን የሚያይ ሰው ይህን ቢያስታውስ አይደነቅም።

ታዲያ ሥርዓቱን ለምን አይቀይሩትም?

በ2011 ሕዝበ ውሳኔ ተደርጎ ነበር። መራጩ እጩዎችን በደረጃ እንዲያስቀምጥ የሚፈቅድ ስልት ቀርቦ 68 በመቶው አልፈልግም አለ። ከዚያ በኋላ ጉዳዩን በድጋሚ ማንሳት የሚችለው ሥልጣን የያዘው ፓርቲ ነው፤ ሥልጣን የያዘው ደግሞ በዚሁ ስልት ተጠቅሞ የመጣ ነው። የትኛው መንግሥት ነው ወደ ላይ ያወጣውን መሰላል የሚገፋው?

ሌበር እንዴት ያለ ፓርቲ ነው?

በ1900 በሠራተኛ ማኅበራት የተመሠረተ የመሀል ግራ ፓርቲ ነው። ቀለሙ ቀይ ነው። ትልቁ ቅርሱ በክሌመንት አትሊ ዘመን፣ ጁላይ 5 ቀን 1948 የተጀመረው ኤንኤችኤስ፣ ማለትም በግብር የሚተዳደረው የሕክምና አገልግሎት ነው። ቶኒ ብሌየር በ1997 ፓርቲውን ወደ መሀል ስበው 418 ወንበር አስገኙ፤ በ2003 ኢራቅን ወርረው ደግሞ ብዙ ደጋፊ አጡ።

ለእኛ አንባቢ የምትጥም አንዲት ታሪክ እዚህ ጋ ላስገባ። በ1935 ጣሊያን ኢትዮጵያን ስትወር የሌበር መሪ ጆርጅ ላንስበሪ ነበሩ። ጦርነት የሚባል ነገር ፈጽሞ የማይቀበሉ የሰላም ሰው ነበሩ። የፓርቲው ጉባኤ በጣሊያን ላይ ማዕቀብ ይጣል ብሎ ሲወስን፣ ማዕቀቡ ወደ ጦርነት ያመራል ብለው ከመሪነት ለቀቁ። በቦታቸው የተተኩት አትሊ ናቸው፤ እኚሁ ሰው በ1945 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። በእኛ ጉዳይ የተነሳ ክርክር የሌበርን መሪ ቀይሯል ማለት ነው።

የስታርመር ሌበር የገጠመው ፈተና በአንድ በኩል ገንዘብ ነው። ሥልጣን በያዙ በሳምንታት ውስጥ ለጡረተኞች የሚሰጠውን የክረምት ማሞቂያ ድጎማ ከአብዛኞቹ ላይ አነሱ፤ ቁጣው ስለበረታ በጁን 2025 አብዛኛውን መለሱት። በቀጣዩ ወር የአካል ጉዳተኞችን ድጎማ ለመቀነስ ያቀረቡት ሕግ የገዛ አባሎቻቸው ስላመፁ ተሸርሽሮ ቀረ። ከሌበር ግራ ያለው መራጭ ቃል ታጠፈ ሲል፣ ከቀኙ ያለው ደግሞ ሲመቱት ወደኋላ የሚል መንግሥት አለ። ሁለቱም አልተሳሳቱም።

ኮንሰርቫቲቮች 14 ዓመት ገዝተው ምን ነካቸው?

ወግ አጥባቂው ፓርቲ፣ በቅጽል ስሙ ቶሪ፣ ቀለሙ ሰማያዊ ነው። ከዓለም አንጋፋ ፓርቲዎች አንዱ ሲሆን ሁልጊዜም ራሱን የመንግሥት ተፈጥሯዊ ባለቤት አድርጎ ያያል። ከ2010 እስከ 2024 አምስት ጠቅላይ ሚኒስትር አፈራረቀ።

መጀመሪያ ብሬግዚት፣ ማለትም ከአውሮፓ ኅብረት የመውጣት ጉዳይ፣ መጣ። ዴቪድ ካሜሮን የፓርቲያቸውን ውስጣዊ ጠብ ለማብረድ ብለው ጁን 23 ቀን 2016 ሕዝበ ውሳኔ ጠሩ፤ 52 ለ48 ተሸንፈው በማግሥቱ ሥልጣን እንደሚለቁ አስታወቁ። ሜይ የመውጫውን ስምምነት ፓርላማ ሳያሳልፍላቸው ወረዱ። ጆንሰን በ2019 ምርጫ 365 ወንበር አሸንፈው ጃንዋሪ 31 ቀን 2020 አገሪቱን ከአውሮፓ ኅብረት አስወጡ። እሳቸውንም በኮቪድ ገደብ ጊዜ የጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ባለበት ዳውኒንግ ስትሪት ውስጥ የተደረጉት ግብዣዎች ጎትተው ጣሏቸው። ሕዝቡ የወላጁን ቀብር በቁጥር እየተሰለፈ ሲቀብር እነሱ ወይን ይዘው መገኘታቸው ይቅር የሚባል አልነበረም።

ከሁሉ የከፋው ግን የትረስ ጊዜ ነው። ሴፕቴምበር 23 ቀን 2022 የገንዘብ ሚኒስትራቸው ክዋሲ ክዋርቴንግ ከየት እንደሚሸፈን ያልተነገረ ወደ 45 ቢሊዮን ፓውንድ የሚደርስ የግብር ቅነሳ አወጁ። ፓውንድ ወደቀ፣ የመንግሥት ብድር ወለድ ናረ፣ ባንኮች የቤት ብድር አቅርቦታቸውን ከገበያ እስከማንሳት ደረሱ። ዴይሊ ስታር የተባለው ጋዜጣ አንድ ጥቅል ሰላጣ ካሜራ ፊት አስቀምጦ ከትረስና ከሰላጣው ማን ይቆያል ብሎ በቀጥታ ያስተላልፍ ጀመር። ሰላጣው አሸነፈ። ትረስ ኦክቶበር 20 ሥልጣን እንደሚለቁ ተናገሩ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ለዚህ ይሆናል። የቤት ብድሩ ወለድ የከበደው ሰው ግን እስከ ምርጫው ቀን አልረሳላቸውም።

ከኖቬምበር 2024 ጀምሮ የፓርቲው መሪነት በኬሚ ቤደኖክ እጅ ገባ። ሎንዶን ተወልደው ናይጄሪያ ያደጉ፣ በብሪታኒያ ትልቅ ፓርቲ የመሩ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ናቸው። ከሳቸው በፊት የነበሩት ሱናክ ደግሞ የህንድ ተወላጅ ናቸው። በስደተኞች ላይ ጠንካራ ቃል የሚናገረው ፓርቲ የስደተኛ ልጆችን ለመሪነት በማብቃት ከሌበር መቅደሙን ብዙ ሰው አያስተውልም።

ናይጄል ፋራጅና ሪፎርም ከየት መጡ?

ፋራጅ ከአውሮፓ ኅብረት እንውጣ ሲሉ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ፖለቲከኛ ናቸው። መጀመሪያ ዩኪፕ በሚባል ፓርቲ ነበሩ። በ2015 ምርጫ ዩኪፕ 3.9 ሚሊዮን ሕዝብ መርጦት አንድ ወንበር ብቻ አገኘ። ቀጥሎ ብሬግዚት ፓርቲ የሚባለውን መሩ፤ እሱም በ2021 ስሙን ሪፎርም ዩኬ ብሎ ቀየረ። ለፓርላማ ሰባት ጊዜ ተወዳድረው ከወደቁ በኋላ በ2024 ክላክተን በምትባለው የባሕር ዳርቻ ከተማ ተመረጡ።

እውነተኛው ለውጥ የታየው ሜይ 1 ቀን 2025 በእንግሊዝ የአካባቢ ምርጫ ነው። ሪፎርም 677 የካውንስል (የአካባቢ ምክር ቤት) ወንበር ሰብስቦ ኬንትንና ደርሃምን ጨምሮ አሥር ካውንስሎችን ተቆጣጠረ። በዚያው ቀን ራንከርንና ሄልስቢ ላይ በተደረገ የማሟያ ምርጫ ሌበርን በስድስት ድምፅ አሸነፈ። ስድስት ድምፅ፤ አንድ ቤተሰብ ዝናብ ፈርቶ ቤቱ ቢቀር ኖሮ ውጤቱ ሌላ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከኮንሰርቫቲቭ ሰዎች እየከዱ ይገቡበት ጀመር፤ በሴፕቴምበር 2025 ዳኒ ክሩገር፣ በጃንዋሪ 2026 ደግሞ ለፓርቲው መሪነት ከቤደኖክ ጋር የተፎካከሩት ሮበርት ጄንሪክ ተሻገሩ።

ጥቅሙን ያገኙት ሁለቱም ትልልቅ ፓርቲዎች ቃል ገብተው ካልፈጸሙት ነገር ነው። ኮንሰርቫቲቮች የስደተኛውን ቁጥር እንቀንሳለን እያሉ በእነሱ ዘመን በታሪክ ከፍተኛ ደረጃ ላይ ደረሰ። ኢንዱስትሪው የሞተባቸው ከተሞች ደግሞ ሌበር ረስቶናል ይላሉ። ሪፎርም ቢመረጥ መንግሥት መምራት ይችላል ወይ የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው፤ የያዛቸው ካውንስሎች የአዛውንቶችን እንክብካቤ በጀት እንዴት እንደሚያሟሉ የሚያይ ሰው የተሻለ መልስ ያገኛል።

ሊበራል ዴሞክራቶችና ግሪኖችስ?

ሊበራል ዴሞክራቶች ከ2010 እስከ 2015 ከኮንሰርቫቲቭ ጋር ጥምር መንግሥት ውስጥ ነበሩ። የዩኒቨርሲቲ ክፍያ አይጨምርም ብለው ፈርመው ሳለ ጣሪያው ወደ 9,000 ፓውንድ ሲወጣ አብረው በመገኘታቸው በ2015 ከ57 ወንበር ወደ ስምንት ወረዱ። ወደ 72 የመለሷቸው መሪያቸው ኤድ ዴቪ በ2024 ቅስቀሳ ወቅት ዊንደርሚር ሐይቅ ላይ ከመቅዘፊያ ሰሌዳ እየወደቁ፣ በገመድ ታስረው ከከፍታ እየዘለሉ ካሜራ ይጠሩ ነበር። ቀልድ ይመስላል፤ ካሜራው ሲመጣ ግን የሚያወሩት ስለ አስታማሚዎችና ወንዝ ውስጥ ስለሚለቀቅ ፍሳሽ ነበር።

የአካባቢ ጥበቃ ፓርቲ የሆኑት ግሪኖች በ2024 ከአንድ ወንበር ወደ አራት አደጉ። በሴፕቴምበር 2025 ዛክ ፖላንስኪን መሪ ካደረጉ ወዲህ በሌበር ያዘነውን የከተማ ወጣት አጥብቀው እየሳቡ ነው። ከሌበር ግራ ያለው ሜዳ ጠቧል። ኮርቢን በ2024 ከፓርቲያቸው ውጭ ሆነው ኢዝሊንግተን ኖርዝን አሸነፉ፤ ሌሎች አራት ሰዎች ደግሞ በጋዛ ጦርነት የተቆጡ መራጮችን ይዘው ሌበርን በግል ረቱ። ኮርቢንና በሌበር ስም ተመርጠው የነበሩት ዛራ ሱልታና በ2025 ዩር ፓርቲ የሚባል አዲስ ድርጅት አቋቋሙ፤ ገና ሳይጠነክር እርስ በርስ መወነጃጀል መጀመሩ የግራውን አመል ለሚያውቅ አዲስ አይደለም።

ስኮትላንድ፣ ዌልስና ሰሜን አየርላንድ የራሳቸው ፖለቲካ አላቸው?

አላቸው። ሦስቱም የየራሳቸው ምክር ቤትና መንግሥት አላቸው፤ ጤናና ትምህርት በእነሱ እጅ ነው። በስኮትላንድ የስኮትላንድ ብሔራዊ ፓርቲ በ2014 የነፃነት ሕዝበ ውሳኔ 55 ለ45 ቢሸነፍም በቀጣዩ ዓመት ከ59 የስኮትላንድ ወንበሮች 56ቱን ጠራርጎ ወሰደ፤ በ2024 ደግሞ ወደ ዘጠኝ ወረደ። በዌልስ ፕላይድ ከምሩ የሚባለው ፓርቲ ከሌበር ጋር ይፎካከራል። በሰሜን አየርላንድ ትልልቆቹ የእንግሊዝ ፓርቲዎች ቦታ የላቸውም። ከአየርላንድ ጋር መዋሐድ የሚፈልገው ሲን ፌን ሰባት ወንበር አለው፤ ተመራጮቹ ግን ለንጉሡ ቃለ መሐላ አንፈጽምም ብለው ፓርላማ አይገቡም፤ ወንበሩ ባዶውን ይቀመጣል።

የሎርዶች ምክር ቤት ምን ይሠራል?

ሕግ ያርማል፣ ያዘገያል፤ በመጨረሻ ግን የታችኛውን ምክር ቤት ውሳኔ ማስቀረት አይችልም። አባላቱ አይመረጡም፤ አብዛኞቹ በሹመት ዕድሜ ልክ ይቀመጣሉ፣ 26 የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ጳጳሳትም አሉበት። ለፓርቲ ገንዘብ የሰጡ ሰዎች እየተሾሙበት ብዙ ጊዜ ቅሌት ይነሳል።

ረቡዕ ረቡዕ የሚጮሁት ለምንድን ነው?

ጠቅላይ ሚኒስትሩ ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ ለግማሽ ሰዓት ያህል ጥያቄ ይመልሳሉ። የተቃዋሚው መሪ ስድስት ጥያቄ ይፈቀድለታል። አዳራሹ ለ650 ሰው አይበቃም፤ መቀመጫው 430 እንኳ አይሞላም፤ ስለዚህ የተረፈው በሩ ላይ ቆሞ ነው የሚከታተለው። ሁለቱ ወገኖች ፊት ለፊት ተፋጥጠው ስለሚቀመጡ ጩኸቱ ይበረታል። አንዱ ሌላውን ውሸታም ብሎ መጥራት ክልክል ነው፤ ያለ ሰው ቃሉን ካልመለሰ አፈ ጉባኤው ከአዳራሽ ያስወጣዋል። እውነቱን ለመናገር እዚያ ሰዓት ላይ የሚገኘው መልስ ጥቂት ነው። ቁም ነገሩ የሚሠራው ካሜራ በማይበዛባቸው ኮሚቴዎች ውስጥ ነው።

በስደተኞች ጉዳይ ፓርቲዎቹ የት ቆመዋል?

እንደየሰሞኑ ይለያያል፤ አቅጣጫው ግን ወደ ማጥበቅ ነው። በ2018 በትናንሽ ጀልባ የእንግሊዝን ባሕር ያቋረጡት 299 ሰዎች ነበሩ፤ በ2022 ወደ 46 ሺህ ደረሱ። ኤርትራውያን ከቀዳሚዎቹ መካከል ናቸው። ኮንሰርቫቲቮች በኤፕሪል 2022 ጥገኝነት ጠያቂዎችን ወደ ሩዋንዳ እንልካለን አሉ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በኖቬምበር 2023 ሕገወጥ ነው አለ። ስታርመር ሥልጣን እንደያዙ ሰረዙት። በምትኩ ከፈረንሳይ ጋር አንድ ስንመልስ አንድ እንቀበላለን የሚል ስምምነት አደረጉ፤ በሴፕቴምበር 2025 መጀመሪያ ከተመለሱት አንዱ ኤርትራዊ ነበር።

በጁላይ 2025 ኤፒንግ በምትባል የኤሴክስ ከተማ በሆቴል የሚኖር አንድ ኢትዮጵያዊ ጥገኝነት ጠያቂ በወሲባዊ ጥቃት ተከሰሰ፤ በኋላም ተፈረደበት። ሆቴሉ ፊት የተጀመረው ሰልፍ ወደ ሌሎች ከተሞች ተዛመተ። ሰውየው በኦክቶበር ከእስር ቤት በስህተት ተለቅቆ፣ እንደገና ተይዞ ወደ ኢትዮጵያ ተባረረ። አንድ የፍርድ ቤት ጉዳይ የአገሪቱን የጥገኝነት ክርክር ለወራት መራው።

በዚያው ዓመት ሪፎርም ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድን፣ እኛ ሰዎች ኢንዴፊኒት የምንለውን፣ ጭራሹኑ እናስቀራለን አለ። ኮንሰርቫቲቭ ከአውሮፓ የሰብአዊ መብት ስምምነት እንወጣለን አለ። የሌበር የአገር ውስጥ ሚኒስትር ሻባና ማህሙድ ደግሞ በኖቬምበር ስደተኝነት ጊዜያዊ ሆኖ በየ30 ወሩ እንዲታይ፣ ይህን ጊዜያዊ ጥበቃ ያገኙ ሰዎች ቋሚ ፈቃድ የሚያገኙት ከ20 ዓመት በኋላ እንዲሆን ሐሳብ አቀረቡ። የቀድሞው መንገድ አምስት ዓመት ነበር። በእንዲህ ያለ ጉዳይ ላይ በቲክቶክ ወሬ መወሰን አደገኛ ነው፤ ፈቃድ ያለው የኢሚግሬሽን አማካሪ ይጠየቅ።

እኔ ኢትዮጵያዊ ነኝ፤ ብሪታኒያ እየኖርኩ መምረጥ እችላለሁ?

በአገራዊ ምርጫ የብሪታኒያ ዜግነት ካልወሰዱ አይችሉም። ሕጉ የሚፈቅደው ለብሪታኒያ፣ ለአየርላንድና ለኮመንዌልዝ አገሮች ዜጎች ነው፤ ኢትዮጵያ የኮመንዌልዝ አባል አይደለችም። በዚህ የተነሳ ባለፈው ወር በተማሪ ቪዛ የመጣ ኬንያዊ ወይም ሩዋንዳዊ ተመዝግቦ ይመርጣል፤ አጠገቡ ኢንዴፊኒት ይዞ አሥር ዓመት ግብር የከፈለ ሐበሻ ግን ቁጭ ብሎ ያያል። የድሮው ግዛት ቅሪት ነው፤ አለመገዛታችን እዚህ ላይ አልጠቀመንም።

ስኮትላንድና ዌልስ ግን ይለያሉ። በሕጋዊ መንገድ የሚኖር የማንኛውም አገር ዜጋ፣ ከ16 ዓመት ጀምሮ፣ ለአካባቢው ካውንስልና ለስኮትላንድ ወይም ለዌልስ ፓርላማ መምረጥ ይችላል። ግላስጎው ወይም ካርዲፍ የሚኖሩ ብዙ ወገኖች ይህን ሳያውቁ ነው የሚያልፋቸው።

ዜግነት የወሰደ ሰው በድረ ገጽ ይመዘገባል፤ ለዚህም የናሽናል ኢንሹራንስ ቁጥሩን ያዘጋጅ። ከ2023 ወዲህ በእንግሊዝ ድምፅ ሲሰጥ ፎቶ ያለው መታወቂያ ይጠየቃል። ፓስፖርት ወይም መንጃ ፈቃድ ይበቃል። ሕጉ ሲወጣ የአዛውንቶች የአውቶቡስ ካርድ ሲፈቀድ የወጣቶቹ አለመፈቀዱ ብዙ አከራክሯል። ምንም የሌለው ሰው ከካውንስሉ በነፃ የመራጭ ማስረጃ ማውጣት ይችላል።

ባልመርጥም የአካባቢዬ የፓርላማ አባል ጉዳዬን ያየዋል?

ያየዋል። ተወካዩ የሚያገለግለው በክልሉ የሚኖረውን ሁሉ ነው፤ መረጥከኝ ወይ ብሎ አይጠይቅም። አብዛኞቹ አርብ አርብ ባለጉዳይ ይቀበላሉ። ሆም ኦፊስ (የአገር ውስጥ ሚኒስቴሩ) ማመልከቻውን ይዞ ዝም ካለ፣ ካውንስሉ ሻጋታ ያለበትን ቤት አልጠግን ካለ፣ የተወካዩ ቢሮ ደብዳቤ ይጽፋል፤ ለተወካይ ደብዳቤ ደግሞ መሥሪያ ቤቱ መልስ መስጠት ይጠበቅበታል። ውሳኔ ማስለወጥ ግን አይችሉም፤ ማስታወስና መጎትጎት እንጂ።

ሲሄዱ የሆም ኦፊስ መለያ ቁጥርዎን፣ አድራሻዎን የሚያሳይ ወረቀት፣ እስካሁን የተጻጻፉትን ደብዳቤ ይያዙ። ስለእርስዎ እንዲጠይቁ ፈቃድዎን በጽሑፍ ያስፈርሙዎታል። ቀጠሮ ሳይዙ በር ማንኳኳት እንደ ድሮው አይሆንም። ጆ ኮክስ በ2016፣ ዴቪድ አሜስ በ2021 ባለጉዳይ ሊቀበሉ በሄዱበት ከተገደሉ ወዲህ ቦታው የሚነገረው ቀጠሮ ለያዘ ሰው ብቻ ሆኗል።

ቀጣዩ አገራዊ ምርጫ መቼ ነው?

ቢዘገይ እስከ ኦገስት 15 ቀን 2029 ድረስ መደረግ አለበት። ከዚያ በፊት ያለውን ቀን የሚመርጠው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው። ሱናክ ሜይ 22 ቀን 2024 ቀኑን ያሳወቁት ጃንጥላ ሳይዙ ዝናብ እየወረደባቸው ነበር፤ ከዚያ እስከ ምርጫው የቀረው ስድስት ሳምንት ብቻ ነው። ስለዚህ ቀኑ እስኪታወቅ አይጠብቁ። የመመዝገቢያው ጊዜ የሚዘጋው ከድምፅ መስጫው ቀን 12 የሥራ ቀናት ቀደም ብሎ ነው፤ ቤት የቀየረ ሰውም በአዲሱ አድራሻው እንደገና መመዝገብ አለበት። ድምፅ የሚሰጠው ሐሙስ ቀን፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ማታ አራት ሰዓት፣ በትምህርት ቤት፣ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ፣ አንዳንዴም መጠጥ ቤት ውስጥ ነው። እርሳሱ በክር ታስሮ ይጠብቅዎታል፤ የራስዎን እስክሪብቶ ይዘው ቢሄዱም የሚከለክልዎ የለም።